ስም ያልወጣለት ድረ ገጽና የጥሊሊው ድንች

ለተከበሩ አቶ መሳፍንት፣
የለምለም ማሳ የድንች ዘር አምራቾች ዩኒየን ሥራ አስኪያጅ፣
እንጅባራ

ጤናዎ እንደምን ሰንብቷል? ይህ የእንጅባራ ብርድ ጉልበትዎን እንዳይነካብዎ፣ ወንበርዎም እንዳይቀዘቅዝብዎ ልባዊ ምኞቴ ነው። እኔ ደህና ነኝ፤ ወሬ እስካለ ድረስ ምን እሆናለሁ!

ነገሬ ስለ መሥሪያ ቤትዎ የውስጥ ድረ ገጽ ነው። ሠራተኛው ፈቃድ የሚጠይቅበት፣ የመጋዘን ኃላፊዎች የጭነት መኪና የሚያዝዙበት፣ ከዩኒየኑ ኔትወርክ ውጭ የማይከፈተው ገጽ ማለቴ ነው። ከእንግዲህ ሁሉም ነገር በእሱ ብቻ እንዲሆን ማዘዝዎን ሰምተን አጨብጭበናል። ስለዚህ የምጽፈውን ቅሬታ አይበሉብኝና በምስጋና ይቁጠሩልኝ።

፩ኛ/ የገጹ አድራሻ ስም ሳይሆን በነጥብ የተከፋፈለ የቁጥር ሰልፍ በመሆኑ፣ የሠራተኛው አእምሮ ስለሰላ እግዜር ይስጥልን። በዚያ ላይ መብራት ሄዶ በመጣ ቁጥር ሰልፉ ይቀየራል። መብራት ስንቴ እንደሚሄድ እርስዎ ላያውቁ ይችላሉ፤ ጄኔሬተሩ የተተከለው ለእርስዎ ክፍል ነውና።

፪ኛ/ የኮምፒውተር ባለሙያዎ አቶ ይሄነው፣ ሰው ሁሉ ሲያለቅስበት ጊዜ፣ “ድንች” ተብሎ ሲጻፍ ገጹ እንዲከፈት አደረገ። ሁሉም ሰተት ብሎ ገባ። እርስዎ ግን የዩኒየን ክብር በድንች አይጠራም ብለው በማግስቱ አስነሱት። ከድንች የሚኖር መሥሪያ ቤት በድንች ሲያፍር፣ ልጆቹን ያሳደገችለትን ላም እንግዳ ሲመጣ ጓሮ የሚደብቃትን ሰው አስታወሰኝ።

፫ኛ/ ያቋቋሙት የስም አውጪ ኮሚቴ ትጋቱ ያስቀናል። ይህን የሰማሁት ከኮሚቴው አባል ከወይዘሮ ውብአየሁ አይደለም፤ ከእህታቸው ነው። ግማሹ የዩኒየኑ ሙሉ ስም ይግባበት፣ ግማሹ ደግሞ “ዲጂታል” የሚል ይታከልበት ብሎ ሳይግባቡ ሲቀሩ፣ ሠራተኛው አስተያየት እንዲሰጥ ማስታወቂያ አወጡ። የት ቢሉኝ፣ እዚያው ድረ ገጹ ላይ! አድራሻውን የያዘ ሰው ስላልነበረ ማንም ትንፍሽ አላለም፤ ኮሚቴውም “ተቃውሞ አልቀረበም” ብሎ አመሰገነ።

ጌታዬ፣ በእኛ ዘንድ ወንድ በአርባ፣ ሴት በሰማንያ ቀን ክርስትና ተነስተው ስም ይወጣላቸዋል፤ እስከዚያው ግን ሕፃን ማሙሽ፣ ሚሚ እየተባለ ይጠባል እንጂ ስሙ እስኪወጣ ጡት አይከለከልም።

እርስዎ ቤት ጡት የተከለከለችው ሸጋ የምትባለው የጥሊሊ መጋዘን ኃላፊ ናት። ግምጃ ቤት ከተባለችው ከተማ ዙሪያ ላሉ ገበሬዎች የሚከፋፈለው የድንች ዘር በእጇ ነው። መኪና ለማዘዝ ገጹን መክፈት አለባት፤ ደውላ ጠይቃ ያገኘችው የአድራሻ ቁጥር ደግሞ መብራት ብልጭ ድርግም ሲል ያረጃል። በስልክ ልዘዝ ብትል “ሥርዓት አለ” ተባለች። ይኸው ዝናቡ ገባ፣ ቡቃያው ጆንያውን በስቶ ወጣ፤ እርስዎም ዘሩ ቢበላሽ ከሥራ የምትባረረው እሷ ናት ማለትዎን ሰማን። ፍርድዎ ከመኪናዎ መፍጠኑ ደስ ያሰኛል።

በመሆኑም ለክብርዎ የሚመጥን ስም እስኪገኝ ድረስ “ድንች”ን እንዲመልሱልን፣ ሸጋንም ከእንጀራዋ እንዳያፈናቅሉብን ከወገቤ ዝቅ ብዬ እለምናለሁ።

ቁጥርዎን በቃሏ መያዝ ያቃታት፣ ትዕግሥትዎን ግን ዘወትር የምታደንቅ ታዛዥ ሠራተኛዎ፣
ናርዶስ ባምላክ
ከእንጅባራ

ማስታወሻ፦ ይህን ስጨርስ ከጥሊሊ በመጣ ሚኒባስ ወሬ ደረሰኝ። የግምጃ ቤት ገበሬዎች መኪናዎን ቢጠብቁ ቢጠብቁ አልመጣ ሲላቸው ጋሪያቸውን ነድተው ወደ መጋዘኑ ሄደዋል፤ ሸጋም ያለ ድረ ገጽዎ ፈቃድ በሩን ከፍታላቸዋለች። ደህናውን ጭነው፣ የበሰበሰውን የዩኒየኑ ድርሻ ነው ብለው ለእርስዎ አስቀምጠውልዎታል። በመንገዳቸውም ለእርስዎ አንዲት አጭር ቅጽል ስም አውጥተውልዎታል፤ ሕፃን ሽማግሌው ወዲያው ይዟታል። እኔ አፍሬ አልጻፍኳትም። ሸጋን ከነኩ ግን የአባት ስም ሊጨምሩባት ተዘጋጅተዋል።