ከካርቶን የወጡ ሳህኖች

ለወንድሜ ለኖህ፣ ሐዋሳ፦

እንደምን ሰነበትክ? እኛ ከአሰላ ብርድ በቀር ደህና ነን። በቅድሚያ በታላቅ ጸጸት የምናዘዘው ነገር አለ፦ እማዬ በጋዜጣ ጠቅልላ ካርቶን የምትከታቸውን ሳህኖች እኔ እያወጣሁ መደርደሪያው ላይ እመልሳለሁ።

ሲዳማ ራሱን የቻለ ክልል እንዲሆን ከመረጣችሁ ወዲህ አባዬ ሶፋ ላይ ተጋድሞ ክልሉን ያደራጃል። «አገራችን ባለሙያ ትፈልጋለች፣ ጠቅልለን ሐዋሳ እንግባ!» ይላል። ጎረቤታችን ጋሽ ከዲሮም «ቢሮ ኃላፊው!» እያሉ ያሞቁታል። አጠገቤ ትቀመጥ የነበረችው ልጃቸው ሙቢና ግን ክፍል ውስጥ ከሌላ ልጅ ጋር መቀመጥ ጀምራለች፤ «ከአሁኑ ልልመደው ብዬ ነው» አለችኝ። እኔ ምን አገባኝ!

አንተ መረጥክ፤ እኔን የጠየቀኝ የለም። ስለዚህ በሳህን እየመረጥኩ ነው። ይህንንም የምጽፈው ትልቁን ሳህን ከወረቀቱ ሥር አድርጌ ነው። መልስህን በአሰላ አድራሻችን ላክ። ሰላምታዬ ይድረስ ለ...

«መክሊት! ያንን ሳህን ወደ ቦታው!»

እማዬ ናት። እሺ ብዬ ካርቶኑን አልፌ መደርደሪያው ላይ አስቀመጥኩት።