የድንጋዩ ድልድይ አልፈረሰም

አባዬ፣ የኔ ውድ፣

ከተለየኸን ሦስተኛው ክረምት እየወጣ ነው። እማዬ ደህና ናት፤ ጉልበቷን ያማታል እንጂ አሁንም የየካን ዳገት በእግሬ ካልወጣሁ ትላለች። እኔም በሙያህ፣ በምህንድስናው፣ ገፍቼበታለሁ። ዛሬ የምጽፍልህ ግን ስለ ሰፈራችን ድልድይ ነው።

ካረፍክ በኋላ መንገዱ ሊሰፋ ተወሰነ። በጣሊያን ጊዜ በድንጋይና በኖራ የተሠራው ድልድይ አርጅቷል፣ ጎኑም ተሰንጥቆ አብጧል ተባለና ሊፈርስ ታሰበ። እንድመረምረው የተላክሁት እኔ ነበርኩ።

ልጅ ሳለሁ፣ በበጋ ወንዙ ሲጎድል፣ እንደ ቀስት ጎብጦ ድልድዩን ከተሸከመው ቅስት ሥር ወስደኸኝ መዳፌን በመዳፍህ እየገፋህ፣ «አየሽ? ድንጋዮቹ የሚቆሙት እንዲህ ስለሚገፋፉ ነው። ክብደት አይጥላቸውም፤ የሚጥላቸው ውሃ ነው» ያልከኝ ትዝ ይልሃል? ስለዚህ ስንጥቁን ትቼ መጀመሪያ ውሃው የት እንደሚሄድ ፈለግሁ። አስፋልት በአስፋልት ላይ ሲደረብ የውሃ መውጫዎቹ ተደፍነው ኖረዋል። ከእንጦጦ የሚወርደው ዝናብ ድልድዩ ሆድ ውስጥ እየተጠራቀመ የጎኑን ግድግዳ ወደ ውጭ ይገፋው ነበር። ቅስቱ ራሱ ግን ንቅንቅ አላለም።

ይህንን በስብሰባ ላይ ስናገር አለቃዬ፣ «ብትሳሳቺ ሰው ያልቃል» አለኝ። እውነቱን ነው። «ጠግነን በጭነት እንፈትነው» አልኩት። መውጫዎቹን ከፈትን፤ ያበጠውን ግድግዳ አፍርሰን በዚያው ድንጋይ መልሰን ገነባን፤ የተፈረፈረውንም በአዲስ ኖራ ሞላን።

በፈተናው ቀን ድንጋይ የጫነው መኪና ሾፌር ድልድዩ አፍ ላይ ቆመና፣ «እህቴ፣ እርግጠኛ ነሽ?» አለኝ። ጋቢና ገብቼ አጠገቡ ተቀመጥኩ። «ንዳው» አልኩት። እማዬ ከዳር ሆና በነጠላዋ አፏን ሸፍና ታየናለች። መሃል ላይ ስንደርስ አስቆምኩት። ከታች መለኪያውን የሚያነቡት ባልደረቦቼ እስኪናገሩ ጠበቅን። ቅስቱ ዝቅ ያለው ከጠበቅነው እንኳ ያነሰ ነበር። ሾፌሩ ሳቀ፤ እኔ አለቀስኩ።

አሁን ለከባድ መኪና ከጎኑ አዲስ ድልድይ ተሠርቷል፤ አሮጌው ለእግረኛና ለትንንሽ መኪና ቀርቷል። የዘንድሮው ጎርፍ ሲመጣ ጎረቤቱ ሁሉ ወጥቶ አየው። ውሃው በየመውጫው ተንዠቅዥቆ ወረደ፤ በማግስቱ ተማሪዎች እንደወትሮው ተሻገሩበት።

ከመስቀል በኋላ ሌላ ድልድይ ልመረምር ነው፤ ጀማሪ መሐንዲሶችም አብረውኝ ይመጣሉ። ማን እንዳስተማረኝ ስምህን ጠርቼ እነግራቸዋለሁ። በሕይወት እስካለሁ አንተን ሳላነሳ ሥራ አልጀምርም፣ አባዬ።

ልጅህ