ሰባተኛው ምስማር

ገንተርስቪል፣ አላባማ
እሑድ፣ ኦክቶበር 27፣ ከሰዓት በኋላ

ውድ ልጄ ማርሊ፣

ደብዳቤሽ ሰኞ ደረሰኝ። ዛሬ እሑድ ነው። ለአንድ ቀላል ጥያቄ ስድስት ቀን ፈጀሁ።

«አባዬ፣ የሚኒሶታ ሐይቅ ሥሩ አረም ብቻ ነው። ለባስ ዓሣ የትኛውን ጂግ ልወርውር?» ብለሽ ጠየቅሽኝ። ወንድምሽ ከሞተ ወዲህ የዓሣ ማጥመጃ ዘንግ በእጅሽ አልነካሽም። ስድስት ዓመት። አሁን ልትነኪ ነው። ደስ ብሎኛል። ግን ደብዳቤሽን ካነበብኩ ጀምሮ ለሐይቁ ጀርባዬን ሰጥቼ መቀመጥ አልቻልኩም።

መልሱን ልስጥሽ።

መጀመሪያ መንጠቆው የተሰካበትን የጂጉን የእርሳስ ራስ እዪ። ክብ ራስ አረም ይሰበስባል። እንደ ጥይት የሾለውን ያዢ። ክሩ የሚታሰርበት ቀለበት አፍንጫው ጫፍ ላይ ይሁን፤ አናቱ ላይ ከሆነ የምታጠምጂው ሰላጣ ነው። መንጠቆውን የሚከልለው ብሩሽ ጠንከር ይበል፤ ጫፉን ግን በመቀስ ትንሽ ከርክሚው፣ አለዚያ ዓሣውንም ይከለክላል። አረሙ ሳሳ ካለ ግማሽ አውንስ ይበቃሻል። ውሃው ላይ እንደ ምንጣፍ ከተነጠፈ ግን አንድ አውንስ፣ በስቶ የሚወርድ። ጂጉን የምታለብሺው የጎማ ቀሚስ ለጠራ ውሃ አረንጓዴና ቡናማ፣ ለደፈረሰ ጥቁርና ሰማያዊ።

ይህን ሁሉ ታውቂዋለሽ። እኔ እርሳስ አቅልጬ ራሱን ሳፈስ፣ ቀሚሱን የምታስሩት አንቺና ወንድምሽ ኮይ ነበራችሁ። ያንቺ ቋጠሮ ከእሱ ይሻል ነበር። «ማርሊ ጫማዋን ስታስር እንኳ ዓሣ ይያዛል» ይል ነበር።

ጋራዡ ግድግዳ ላይ ያሉትን ምስማሮች ታስታውሻለሽ። አሥራ ሁለት። ለእያንዳንዱ ጂግ አንድ። ጠዋት የወሰደ፣ ሲመለስ ይሰቅላል። የጣለ ጀልባ ያጥባል፤ እራት ላይም ይሳቅበታል። ጀልባዋ ከሐይቁ ዳር ከእንጨት መድረኩ ስትለቅ ሁልጊዜ እጮህ ነበር፦

«ጂጌን ሳትይዙ እንዳትመለሱ!»

«እሺ ጌታዬ!» ትሉኝ ነበር፣ ሁለታችሁም፣ እየሳቃችሁ።

በመጨረሻው ቀን ጠዋትም ጮህኩ። ኮይ ብቻውን ነበር። ሠላሳ አንድ ዓመቱ ነበር። ሠላሳ አንድ ዓመት የሞላው ሰው።

ሰባተኛው ምስማር ከዚያ ቀን ጀምሮ ባዶ ነበር።

ሐሙስ ዕለት ጎረቤታችን ሆይት መጣ። ኮይን ከአረሙ ውስጥ ያገኘው እሱ መሆኑን ታውቂያለሽ። አርጅቷል፤ ጀልባውን ሸጦ ልጁ ዘንድ ሊሄድ ነው። በረንዳው ላይ ቆመ።

«ተቀመጥ እንጂ፣ አንተ ወንበር ሰባሪ» አልኩት።

«ከተቀመጥኩ አልናገረውም።»

ከሸሚዝ ኪሱ አንድ ጂግ አወጣ። አንድ አውንስ። ጥቁርና ሰማያዊ። ቋጠሮው ያንቺ ነው።

«ከየት አገኘኸው?»

«ከእጁ።»

«ከማን እጅ?»

«ኦዴል፣ አታስለፍልፈኝ። ከማን እንደሆነ ታውቃለህ። ጨብጦት ነበር። ጣቶቹን አንድ በአንድ ነው ያላቀቅኳቸው። አንተ በሌላው ጀልባ እየመጣህ ነበር። እንድታየው አልፈለግኩም።»

«ወድቆ ነው ብለን ነበር እኮ።»

«የወደቀ ሰው ጫማውን አያወልቅም። ጎን ለጎን አስቀምጧቸው ነበር፣ ቤተ ክርስቲያን ደጃፍ ላይ እንዳለ ሰው። የመንሳፈፊያ ጃኬቱን ላያቸው ላይ። እንዳታያቸው የጀልባው መቀመጫ ሥር የወረወርኳቸው እኔ ነኝ።»

ከዚያ ተቀመጠ። 

የኮይ ሰንጢ ኪሱ ውስጥ እንደነበረ አውቃለሁ፤ ከዕቃዎቹ ጋር መልሰውልናል። እሱ ጂጉን ያሰረበት የተጎነጎነ ክር ቢጎትቱት አይበጠስም። ሰንጢ ሲነካው ግን ወዲያው ይለቃል። ጂጉ ውሃው ሥር ያለ ጉቶ ላይ ተይዞበት ይሆናል። ሊቆርጠው ይችል ነበር። ክሩን ተከትሎ ወረደ። አላቅቆትም ነበር፣ ማርሊ። ይዞት እየተመለሰ ነበር፤ አረሙ ነው ያስቀረው።

ንፋስ ሳይኖር የአረሙ ምንጣፍ አንድ ቦታ ላይ እብጥ ይላል። ዓሣ ከሥሩ ሲዞር እንዲያ ነው፤ ስልሳ ዓመት አይቼዋለሁ። ከሐሙስ ወዲህ ግን እብጠቱ ወደ መድረኩ የሚመጣ ይመስለኛል። ቀስ እያለ። የያዘውን ሊያስረክበኝ።

ሆይት እንደሄደ ጂጉን ወስጄ ሰባተኛው ምስማር ላይ ሰቀልኩት። እጄ ነው የሰቀለው፤ ልማድ ነው። ግድግዳው ሞላ። ሞልቶ ማየት አልቻልኩም። አሥራ ሁለቱንም ምስማሮች በጉጠት ነቀልኳቸው።

ከዚህ ደብዳቤ ጋር ያለው ሳጥን ውስጥ አሥራ አንድ ጂጎች አሉ። ስለ አሥራ ሁለተኛው አትጠይቂኝ። የኮይ ሰንጢም አለ፤ ስዬዋለሁ። ኪስሽ ውስጥ ሳይሆን እጅሽ በሚደርስበት ቦታ አስቀምጪው። የተጎነጎነ ክር አልላክሁልሽም። ባለሱቁ ለአረም ከእሱ ሌላ አይሆንም ይልሻል። እውነቱን ነው። አንቺ ግን ጠበቅ አድርገው ሲጎትቱት የሚበጠሰውን ግዢ። ዓሣ ያመልጥሻል። ያምልጥሽ።

ሆይት ሰላም ብሎሻል። የመድረኩን ሁለት ሳንቃ ለውጫለሁ። ጉልበቴ ደህና ነው።

የሚኒሶታ ውሃ እንግድነትሽን ይወቅልሽ። እግርሽ የሚረግጠው ሁሉ ደረቅ ይሁን። ፈጣሪ ከኋላሽም ከሥርሽም ይጠብቅሽ።

ጂጉ ከተያዘብሽ ቁረጪው። አሥራ አንዱንም ጣያቸው። እኔ መድረኩ ላይ ቆሜ የምጮኸው ከአሁን በኋላ ይህን ብቻ ነው፤ ከዚያ ሆነሽ ስሚኝ።

ባዶ እጅሽን ተመለሺ።

አባትሽ፣
ኦዴል