ጎራዴህን ጠበል ረጩት

መሌዬ፣

ከተለያየን ስድስት ወር አልፎ ሰባተኛውን ይዘናል። እንዴት ነህ እንዳልልህ ያለህበትን አላውቀውም፤ እኔም ደህና ነኝ ብዬ አልዋሽህም። ባለፈው ቅዳሜ ያ የጃፓን ጎራዴህ ለጥቂት ነው የተረፈው። ካንተ በቀር ለማን እነግረዋለሁ? ሌላ ሰው ቢሰማ ለአንድ ብረት ነው እንዴ ይኼ ሁሉ ይለኛል።

ቤቱ እንደተውከው ነው። መኪናህን እኔ እነዳታለሁ፤ ሃይዌይ ላይ አሁንም በቀኝ በኩል ዳር ዳሩን ነው የምሄደው፣ ሳቅብኝ። ነርሲንግ ሆም፣ ሽማግሌዎቹን የምጦርበት ቦታ፣ ሺፍቴን ወደ ጠዋት ቀይረውልኛል። የፓርኪንጉ ጃኬትህ ከበሩ ጀርባ እንደተሰቀለ ነው፤ ኪሱ ውስጥ የቀረችውን ማስቲካ እንኳ ላወጣት አልቻልኩም። ሶፋ አሁንም የለንም። እሱን አንተው ታውቀዋለህ፤ ሶፋ ልንገዛ ወጥተን አይደል ጎራዴ ይዘን የገባነው!

ያችን ቀን አልረሳትም። እዚሁ ሰፈራችን ስቶን ማውንቴን፣ አንዲት አሮጊት አሮጌ ዕቃዋን ግቢዋ ውስጥ በምትሸጥበት ያርድ ሴል ላይ፣ እኔ ሶፋው ላይ ተቀምጬ እየሞከርኩት ነበር። ሴትዮዋ ሟች ባሏ ከጃፓኑ ጦርነት ሲመለስ ያመጣው ነው ብላ ጎራዴውን ከጋራዥ ስታወጣልህ ፊትህ እንዴት እንደበራ! ሠርጋችን ቀን እንኳ እንደዚያ አልበራም። ሶፋው ቀረና ጎራዴው ጭኔ ላይ ተጋድሞ ቤት ገባን። እኔም ሳምንት ሙሉ አኮረፍኩህ።

ከዚያ ወዲያ ቤታችን ትምህርት ቤት ሆነ። ከላይብረሪ መጽሐፍ ትሸከማለህ፣ ሥዕል ታሳየኛለህ፣ ስለቱ ዳር የሚሄደውን ጉም የመሰለ ነጭ መስመር እዪው እዪው እያልክ ወጥ ታሳርረኛለህ። ሚስተር ሞሪን የት እንዳገኘሃቸው እግዜር ይወቅ፤ ኖርክሮስ ቤታቸው ውስጥ ወር በወር ጎራዴ የሚወዱ ሰዎችን ሰብስበው የሚያስተምሩ ጃፓናዊ ሽማግሌ። መጀመሪያ ያሉህ ሌላ ጎራዴ እንዳትገዛ፣ መጀመሪያ ዓይንህን አስተምረው ነው። ቀጥሎ ሕጎቹ መጡ። ብረቱ በጣት አይነካም፣ የእጅ ላብ ያዝገዋል። ውሃ ጠላቱ ነው። ተመዝዞ እያለም ፊቱ አይወራም፣ ምራቅ ይነካዋል።

አንተን ዝም ማሰኘት! ሚስተር ሞሪ ቢቸግራቸው እንደ አገራቸው ልማድ የታጠፈች ወረቀት በከንፈርህ አስያዙህ። ይኼን ስትነግረኝ በሳቅ ሞትኩ። እኔ በስንት ዓመት ትዳር ያጣሁትን መላ እሳቸው በአንድ ከሰዓት አገኙት።

አንድ ነገር ግን ያንገበግብህ ነበር። እጀታው ውስጥ የሚደበቀው የብረቱ ጭራ ላይ ሠሪው ስሙን ይቀርጻል ተብለሃል። የኔ ላይ የትልቅ ባለሙያ ስም አለበት ብለህ ዳውንታውን ፓርኪንግ አብረውህ ለሚሠሩት ሁሉ አውርተሃል። እጀታውን እንፍታው ስትላቸው ሚስተር ሞሪ ገና ነህ፣ ቆይ አሉህ። አንተም ቆየህ። ልብህ ግን አልቆየችህም፤ እዚያው ሥራ ቦታ፣ የሰው መኪና ቁልፍ በእጅህ ይዘህ ወደቅህ።

ከአርባህ በኋላ ሚስተር ሞሪ ደወሉ። አጽናኑኝና ጎራዴው ዘይቱ ይታደስለት፣ አለዚያ ይዝጋል አሉኝ። በንዴት ስልኩን ልዘጋባቸው ነበር፤ እኔ ባሌን ቀብሬ እሳቸው የሚያስቡት ለብረት! ግን ሄድኩ። አንተ ትቀመጥበት የነበረው ወንበር ላይ አስቀመጡኝ። የዘይቷን ጠርሙስ ሲከፍቱ ቅርንፉድ ቅርንፉድ ሸተተኝ፤ ቅዳሜ ማታ ማታ እጅህ እንደሚሸተው። እዚያው ተንሰቅስቄ አለቀስኩ። ከዚያ ጀምሮ በቦታህ ተማሪ ሆኜልሃለሁ።

ታላቅ ወንድምህ ጋሽ ታደሰ ግን ጎራዴውን ጠመዱት። ሰው የታረደበት ብረት ቤት አይቀመጥም፣ መላኩን የበላው እሱ ነው፣ ወይ ሐይቅ ይጣል ወይ ጠበል ይረጭ አሉ። ምን ልበል? እኔም እኮ የጠበል ልጅ ነኝ፤ ጠበል አይነካም ብዬ ለማን ላስረዳ? ለመንፈቅህ ከሌላ ስቴት ቄስ ይዘው እንደሚመጡ ሲነግሩኝ ቤቱ ይረጭ፣ እኔም ልረጭ፣ ጎራዴው ግን ከሰገባው እንዳይወጣ ብዬ ለመንኳቸው። እሺ አሉ። ሳምንቱን ሙሉ ግን እንቅልፍ አልነበረኝም፤ ወንድምህን አውቃቸዋለሁ።

ጸሎቱ አልቆ ወጥ ላወጣ ኩሽና ገባሁ። ሸርተት የሚል ድምፅ ሰማሁ። ያን ድምፅ መቼም አልስተውም፤ ጭልፋዬን ጥዬ ሮጥኩ።

ጋሽ ታደሰ ጎራዴውን ጫፉን ወደ ላይ አድርገው መዘውታል። አውራ ጣታቸውን ስለቱ ላይ እያሻሹ ወይ ስለት፣ ወይ ስለት ይላሉ። አባ በወተት ጋሎን ያመጡትን ጠበል እየጨለፉ ይረጫሉ፤ ውሃው በብረቱ ላይ ኮለል እያለ ወደ እጀታው ይወርዳል። መሌ፣ ጮህኩ። በመንፈቅህ፣ ቄስ ፊት፣ በዚያ ሁሉ ሰው መሀል አቁሙ ብዬ ጮህኩ። ሴቶቹ ነጠላቸውን አፋቸው ላይ አደረጉ። አበደች ያሉኝ ይመስለኛል።

አባ ልጄ፣ ጠበል ይጎዳል እንዴ አሉኝ፣ ቅር ብሏቸው። ከየት እንደመጣልኝ እንጃ፤ አባቴ፣ በረከቱ ገብቷል፣ አሁን ውሃው ይውጣልኝ አልኩ። ትንሽ አሰቡና ጋሎኑን መሬት አስቀመጡ። እውነቷን ነው፣ ይጠረግላት ታደሰ አሉ። ነፍሴ መለስ አለች።

ጋሽ ታደሰ ግን ጎራዴውን እንደያዙ መናገራቸውን ቀጠሉ፣ ምራቃቸውም አብሮ። ከጎራዴው ዕቃ ሳጥንህ ውስጥ ወረቀት አወጣሁ፣ አጠፍኩ፣ ጋሽዬ ይቅርታ፣ አፍዎን አልኳቸው። ታላቅ ወንድምህ፣ እድርተኛውን ሁሉ የሚያንቀጠቅጡት፣ በወረቀት ዝም አሉ። ሌላ ቀን ቢሆን ኖሮ እንዴት በሳቅኩ! እኔም አንድ በከንፈሬ ያዝኩና ጎራዴውን ተቀብዬ ብረቱን ጠረግኩት። ላዩ ደረቀ። ወደ እጀታው የወረደው ውሃ ግን ውስጥ ገብቷል። እጀታው ካልተፈታ እዚያው ሆኖ ይበላዋል።

ሚስተር ሞሪ ጋ ደወልኩ። ይጠራል፣ ይጠራል፣ የሚያነሳ የለም። የራሳቸውን ጎራዴ ሲፈቱ አይቻለሁ እንጂ እጄ ሞክሮት አያውቅም። ካመለጠኝ ብረቱ እግሬ ላይ ነው፣ ወይም ግድግዳው ላይ። ቆይ የተባልከው ትዝ አለኝ። ከዚህ በላይ ማን ይቆያል አልኩ በሆዴ።

እጀታውን ከብረቱ ጋር የያዘችውን የቀርከሃ ችንካር ከሳጥኑ ባወጣኋት ትንሽ መዶሻ ገፋኋት። እንቢ አለች። ደገምኩ፤ ወጣች። እንዳየሁት እጀታውን በግራ እጄ ቀጥ አድርጌ ይዤ በቀኝ ጡጫዬ የግራ እጄን አንጓ መታሁ። ምንም የለም። መታሁ። ላቤ ዓይኔ ውስጥ ገባ። ጋሽ ታደሰ ከፊቴ ቆመው በዓይናቸው ብቻ ተዪው ይሉኛል። ጠንከር አድርጌ ስመታ ብረቱ ንቅል አለ።

ጭራው ወጣ፣ ጠይም፣ የዛገ። ሥሩ ላይ ያለችው የመዳብ ቀለበት ጋ አንድ ጠብታ ተንጠልጥላለች፤ በወረቀት ጫፍ አነሳኋት። ተረፈ! ብዬ ሳልተነፍስ ጋሽ ታደሰ ከኩሽና የድስት ሽቦና ሎሚ ይዘው መጡ። ያን ዝገት አይተው አዘኑልኝ መሰለኝ፣ እንደ አገር ቤት ዕቃ ሊፈትጉልኝ። እጃቸውን በጥፊ መታሁት። የጭራው ዝገት አይነካም መሌ፣ አንተው ነህ የነገርከኝ፤ ዕድሜው የሚታወቀው በሱ ነው፣ ከተፋቀ ጎራዴው ሞተ ማለት ነው። ሽቦው ወለሉ ላይ ወደቀ። ወረቀቱ ግን ከአፋቸው አልወደቀም።

ከዚያ አገላበጥኩት። በዚህ በኩል ምንም የለም። በዚያም በኩል ምንም የለም። ስም የለውም፣ መሌዬ። ያ ሁሉ ወሬህ፣ ያ ሁሉ ጉጉትህ፣ ባዶ ብረት። ወረቀቴን ነክሼ አለቀስኩ፣ እንባዬ እንዳይነካው ፊቴን ዞር አድርጌ።

በማግሥቱ ይዤው ኖርክሮስ ሄድኩ። ሚስተር ሞሪ በር ላይ የተፈታውን እጀታ በእጄ አይተው ገባቸው። መብራት ሥር ብዙ አዩት። የጋሽ ታደሰ አውራ ጣት የነካበት ትንሽ ደብዝዟል፤ ሳይጠረግ ቢያድር ኖሮ ይበላው ነበር አሉ። ስም የለውም አልኳቸው። ስም የሌለው ለተማሪ ጥሩ ነው፣ ስሙን ማንበብ ትተሽ ብረቱን ታነቢያለሽ አሉኝ። ታዲያ ለምን አንድ ቀን አላሳዩትም ነበር ብዬ ተቆጣኋቸው። አጎንብሰው እጀታውን መልሰው አስገቡና ጎራዴውን በሁለት እጃቸው ይዘው አንገታቸውን ደፍተው አቀረቡልኝ። ከዚያ በላይ ልቆጣቸው አልቻልኩም።

ጋሽ ታደሰ አሁን በየቀኑ ይደውላሉ፤ ዘይቱ ተቀባ ወይ ነው የሚሉኝ። ሐይቁን አንስተውት አያውቁም።

እንግዲህ አየሁልህ፣ መሌ። ለሥራ ጓደኞችህም ፓርኪንግ ሄጄ ስም እንደሌለው እኔው ነገርኳቸው፤ አልሳቁብህም። ጎራዴውን የትም አልሰጠውም፣ አልጥለውም፣ የሚስተር ሞሪ ተማሪዎች እስኪሰለቹኝ ድረስ ስለሱ እማራለሁ። ወር በወር ወረቀቷን በከንፈሬ ይዤ አሮጌውን ዘይት እጠርጋለሁ፣ አዲሱን እቀባለሁ፣ ወደ ሰገባው እመልሰዋለሁ። ከዚያ ወረቀቷን ከአፌ ሳወጣ መጀመሪያ የምናገረው ስምህን ነው።

ያንተው ጥሩነሽ