ለእማዬ ያነበብኩላት መጽሐፍህ

ለወንድሜ፣

እንደምን ሰነበትክ? ባለቤትህስ፣ ልጆቹስ ደህና ናቸው? እማዬ ጉልበቴን ከማለቷ በቀር ደህና ናት። እኔም የሰው ቀሚስ እየሰፋሁ አለሁ።

መጽሐፍህ ደረሰን። እማዬ በእጇ ስትዳብሰው፣ ስታሸተው ዋለች። «እስቲ አንብቢልኝ፣ ልጄ የጻፈውን ልስማ» ስትለኝ የስፌት መኪናዬን አቁሜ ጀመርኩላት። ብዙም ሳልሄድ ማንበቤን አቆምኩ።

ምን ነካህ አንተ? እዚያ ውስጥ ያለች ሴት ሁሉ ወይ ገላዋን ታሳያለች ወይ ታለቅሳለች። ስለ አንዷ ጡት ገጽ ሙሉ ጽፈህ ስም እንኳ አላወጣህላትም። ያቺ ልብስ ሰፊዋ ደግሞ በምላሷ የተነሳ ባል ያጣች ናት፤ እኔን መሆኗ ጠፍቶኝ መሰለህ? ይሁን፣ እኔ ለምጄዋለሁ። እናትየዋ ግን! ባሏ ሲደበድባት «ባይወደኝ መች ይቆጣኝ ነበር» ትላለች። እሱ ሲሞት ደግሞ በናፍቆት አልቅሳ አልቅሳ ዓይኗ ጠፋ ብለህ ጻፍክ። በሬዲዮ ደግሞ «የሴትን ልብ የሚያውቅ ደራሲ» ይሉሃል። ቱ!

ታዲያ ምን ባደርግ ጥሩ ነው? መጽሐፉን ዘርግቼ ከራሴ እየፈጠርኩ አነበብኩላት። እናትየዋ ልጆቿን ይዛ፣ በሩን በርግዳ ወጣች። እማዬ «እሰይ! እንዲህ ነው እንጂ!» ብላ በሳቅ ፈረሰች። ከዚያ መጽሐፉን በእጇ ዳበሰችና «ለካ ልጄ ያኔ ሁሉንም አይቶ ኖሯል» አለች። ባንተ ፋንታ እኔ አፈርኩ።

እሑድ እመጣለሁ ብለሃል። የመጨረሻውን ምዕራፍ «እሱ ራሱ ያንብብልኝ» ብላ ከልክላኛለች። ዓይኗን ያጠፋህበት ምዕራፍ ነው። የጻፍከውን ልታነብላት ትችላለህ፤ ወይም እንደ እኔ ከራስህ ታነብላት እንደሆነ አንተ ታውቃለህ።

እማዬ የምትቀመጠው ያው ድሮ የአባዬ ቀበቶ ይሰቀልበት ከነበረው ምስማር ሥር ነው። በዚያ ቀበቶ ዓይኗ በጠፋበት ዕለት ፊቷን አዙራ ስለነበር ለአባዬ ማን እንዳቀበለው አላየችም። ጠይቃኝም አታውቅም። ልጅ ነበርክ፤ በዚያ አልፈርድብህም። አሁን ግን ትልቅ ሰው ነህ።

መንገድህን ያቅናልህ። ዓይንህን ይጠብቅልህ።

እህትህ