የአረቄው ቤት ጭስ

ይድረስ ለምወድሽ እህቴ ለዝናሽ፤ ባለሽበት በቤይሩት የደብረ ታቦሩ ኢየሱስ ይጠብቅሽ። እኛ ፈጣሪ ይመስገን ደኅና ነን። ገብሱ ታጭዷል፤ ላሟም ወልዳለች።

እማዬን አረቄ ማውጣት አስትቻታለሁ። ባለፈው ሳምንት ዓይኗን ለማሳየት ሐኪም ቤት ወስጃት ነበር። ሐኪሙ፣ “እማማ፣ ስንት ዓመት ጭስ ውስጥ ሠሩ?” ሲላት፣ “ሠላሳ” አለችው። “ልጆችዎስ ስንት ናቸው?” ሲላት ግን ወደ እኔ ዞራ፣ “ስንት ናቸው?” ብላ ጠየቀችኝ። ያን ጊዜ ሐኪሙ ቀስ ብሎ፣ “የብዙ ዓመት ጭስ የሚጎዳው ዓይንና ሳንባን ብቻ አይደለም” አለኝ። ቤት እንደገባን ማገዶውን ሁሉ ለጎረቤት ሰጠሁ። እሷ ግን አሁንም ጠዋት ጠዋት ባዶው ምድጃ አጠገብ ትቀመጣለች።

ለገና ስትደውዪ ስልኩን እሰጣታለሁ። አደራሽን፣ መጀመሪያ ስምሽን ንገሪያት፤ “ልጅሽ ነኝ” በያት።

ሳይዘገይ በዓይነ ሥጋ ያገናኘን።

ወንድምሽ ይሻው