ላይ ቤት በገና ዕለት

ይድረስ በጣና ገዳም ለሚኖሩት ወንድሜ ለአባ ወልደ ትንሣኤ። እኔ ወንድምዎ መሪጌታ ዘሩ ከማንኩሳ እጅ እነሣለሁ፤ በቤተ ልሔም የተወለደው ጌታ በጤና ያቆይዎ። እኛ ስሙ ይክበርና ደኅና ነን።

ጣሊያን ቢከብደንም የገና ጨዋታው አልቀረም። ከፊደል ቆጠራ ጀምሮ የላይ ቤት ወገን እንደ ሆንሁ ያውቃሉ፤ አባታችን ሩሯን በገና ዱላ ለግተው ወንዝ ያሻገሩበትን ቀን ዛሬም አልረሳሁም። ልጄ ላቀውም አያቱን መስሎ ነበርና ታች ቤቶች በየዓመቱ፦
"ያ ላቀው እንደ በሬ፣
ሲሮጥ ዋለ ያለ ፍሬ!"
ይሉት ነበር። በገና ስድብ ነፍስ ይማር ከተባለለት በቀር ዳኛም ቄስም አይታለፍም።

ዘንድሮ ታች ቤት አሸነፈ። በረሃ የገቡትን አርበኞች ጭምር በየስማቸው ሰደቡ፤ አብሯቸው የዘመተውን ላቀውን ግን ዘለሉት። በቀደም ከበረሃ የተመለሰውን የታች ቤቱን ግጥም አውራጅ ገደፋውን፣ "የልጄን ስድብ ወዴት አደረስኸው?" ብዬ ብጠይቀው፣ "ይቆየን፣ የኔታ" ብሎ ጕልበቴን ሳመ።

እናቱ እማዋይሽ፣ "ዘንድሮስ ልጄን አከበሩልኝ" ብላ ደስ ብሏት ጠላ ቀዳችላቸው። እኔም ማድጋውን ያዝሁላት።

እንግዲህ የላቀው የክርስትና ስሙ ኀይለ ጊዮርጊስ ነው፤ በቅዳሴ ጊዜ ከሕያዋን ጋር ያንሡልኝ። የገዳሙ በረከት አይለየን።

ጥር ፬ ቀን ፲፱፻፴ ዓ.ም.